ቅባቱ ነው ብዬ ነበር

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ዛሬ ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ፤ ቤት ደግሞ እንግዳ ነበረብኝ። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለእራት መጡ። ስሜ ለሽማግሌነት ስለታጨ ነገሩ "ቤቱንም ሰውየውንም እንይ" ነው። ሀኒ ከቆቃ ዓሣ አስመጥታ ነበር። ባለቤቴ በዓሣ አትታማም።

ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ አመጡልን። ጂቱ ትባላለች፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የወለንጪቲ ልጅ፤ እዚህ አዳማ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ታይፎይድ ነው። አሥራ ሁለት ቀን በትኩሳት ሥራ ስትገባ ከርማ አንጀቷ ተበስቷል፤ ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ራህመቶ "ዲበኩሉ፣ የጀርባ መርፌ አይበቃትም?" አለኝ። አይሆንም አልኩ። የደም ግፊቷ ወርዷል፤ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ የቀረውንም ግፊት ይዞት ይወርዳል። ሙሉ ሰመመን ነው የሚያዋጣት። በኬታሚን አስተኛኋት፣ ቱቦ አስገባሁ፣ ጡንቻ የሚያዝለውን መድኃኒት ሰጠሁ፣ ከዚያ በሃሎቴን ጋዝ ያዝኳት። ይህን ምርጫ ማንም የሙያው ሰው አይነቅፈውም።

ራህመቶ ከእምብርቷ በላይ ጀምሮ እስከ ታች ከፈተ፣ መግሉን አጠበ፣ የተበሳውን አንጀት በሆዷ በቀኝ በኩል ወደ ውጭ አወጣው። ለሁለት ወር ተኩል ያህል በከረጢት ትጸዳዳለች፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋዋል። መሃል ላይ ጋዙ አልቆ ነበር፤ ሞላሁት። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

እንግዶቹ ዓሣውን አመሰገኑ። ፓስተር ነገሪ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ያስተኛሁትን ሰው በሦስተኛው ቀን ሄዶ ማየት ልማዴ ነው። በዚህ እኮራለሁ፤ ሌሎቹ አያደርጉትም። ዎርድ ገብቼ "እንዴት አደርሽ ጂቱ?" ከማለቴ ልጅቷ አንገቷን ወደ እኔ አዞረችና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት" አለች። ዶክተር እንዳልሆንኩ አላረምኳትም። "ድምፅዎን አውቀዋለሁ።"

"የት ታውቂዋለሽ?"

"ሆዴን ሲከፍቱኝ። ነቅቼ ነበርኮ። ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር ተለጥፏል፣ አይገለጥም። ልጩህ ብል አፌ የለም። ጣቴን ላንቀሳቅስ ብል ጣቴ የኔ አይደለም። እጅ ሆዴ ውስጥ ይዞራል፣ ጆንያ ውስጥ ዕቃ እንደጠፋው ሰው። ሕመሙን... አንዲት ሴት 'እያለቀሰች ነው' አለች። 'ቅባቱ ነው' አሏት እርስዎ።"

የአልጋውን ብረት ያዝኩ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ይህን በመጽሐፍ እንጂ በሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ለዓይኗ ቅባት አድርጌ፣ በፕላስተር የዘጋሁት እኔ ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የተባለውን ቃል በቃል ትነግረኛለች!

ምን አልኳት? "ሕልም ነው፣ መድኃኒቱ ያቃዣል" አልኳት።

"ሕልም ነው?"

"ሕልም ነው።"

እናቷ ወይዘሮ ቡዜ ከአልጋው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። "ሕልም ነው አሉሽኮ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉና ተነሥተው እጄን ሳሙኝ። እጄን!

ኬታሚን ያቃዣል። ሐሰት አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የሰመመን ቅጹን ከፋይሏ አውጥቼ አየሁት። በየአምስት ደቂቃው ግፊትና የልብ ምት። 100/60፣ 92። 100/60፣ 92። 100/60፣ 90። ንጹሕ ቅጽ ነው፤ ለተማሪ ማስተማሪያ ይሆናል።

በድሪያ በትከሻዬ አሻግራ አየችው። የዚያን ቀን መሣሪያ ስታቀብል የነበረችው ነርስ እሷ ናት።

"ጋሼ፣ የልጅቷ ልብ እንደዚህ ነበር እንዴ?"

"ምን ለማለት ነው?"

"እንጃ። አንዴ ቀና ስል ስክሪኑ ላይ መቶ አርባ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር..."

"መስሎሽ ነው።"

"ይሆናል" አለች በትሕትና። በተቆጣችኝ ይሻል ነበር።

ድምፁን የቀነስኩት እኔ ነኝ፣ ስልክ ላናግርበት። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

አርብ፣ የካቲት 21

ጂቱ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። ቁስሉ ጥሩ ነው። ወይዘሮ ቡዜ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ልጃቸው ተቀምጣ ነው የምታድረው። መብራት ሲጠፋ ትጮኻለች። ብርድ ልብስ ፊቷን ከነካው ትቆጣለች። "ምን ገባባት ልጄ?" አሉኝ።

"ይለቃታል" አልኳቸው። ሥራ ነበረብኝ፤ ጠሩኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ሀኒ ከሴቶች ጸሎት በደስታ እየበረረች መጣች። "ዲቤ፣ ምን ሰማሁ መሰለህ! ኦፕራሲዮን ላይ ሞታ የተመለሰች ልጅ አለች። አከራይዋ የኛ አባል ናት፣ እሷ ናት ያመጣቻት። ሞታ ከላይ ሆና የሚያወሩትን ሁሉ ሰምታለች! ፓስተር እሁድ ከሳምንት ትመስክር ብሏል።"

ስሟን አልጠየቅኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንጀራዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። "ጨጓራህ ነው" አለች ሀኒ።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ከምን ልጀምር?

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርን፤ እጄ በሀኒ እጅ ውስጥ። ፓስተር ነገሪ "ሞት ያላስቀራት እህት" ብሎ ጠራት። ጂቱ እናቷን ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ ይዛዋለች፤ ከረጢቱን ልትሸፍን ነው። በአንድ ወር ውስጥ ግማሿ አልቋል።

ማይኩን ሲሰጧት የመጀመሪያ ቃሏ "እኔ አልሞትኩም" የሚል ነበር። "ነቅቼ ነበር።"

"አልሞተችም! ሞት አላሸነፋትም!" ፓስተሩ ማይኩን ነጥቆ ጮኸ። አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ። ኪቦርዱ ገባ። ልጅቷ የማይኩን መመለስ ትጠብቃለች፤ ዓይኗ ሰው ላይ አያርፍም። ሲመልስላት ቀጠለች። "ውሃ ሲያፈሱ ሰማሁ። ጨርቅ ሲቆጥሩ ሰማሁ። አንድ ሰውዬ ጭንቅላቴ ጋ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። 'የቆቃውን ዓሣ ፍሪጅ ክተቺው፣ ጭንቅላቱን ቁረጪና ለድመቷ ስጫት' አለ። 'ፓስተር አጥንት ይፈራል፣ አጥንቱን ልቀሚለት' አለ። ከዚያ ሳቀ።"

ሕዝቡም ሳቀ። እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቶ አያውቅማ።

ያልሳቅነው ሦስት ነን። ፓስተር ነገሪ እጁ ማይኩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ዓይኑ በረድፎቹ መካከል ዞሮ ዞሮ እኔን አገኘኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሀኒ እጄን ከእጇ ውስጥ አወጣችው፤ አልወረወረችውም፣ አንሥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

ልጅቷ እዚያ መኖሬን አታውቅም። ከማለቁ በፊት በመዘምራን በር ወጣሁ። ለሽማግሌነት የታጨ ሰው እንደ ሌባ በጓሮ በር ወጣ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ጠዋት ሀኒ ስልኳን ከሻዬ አጠገብ አስቀመጠች። የጥሪ ዝርዝሩን እስከ የካቲት ድረስ ወደ ታች ስባዋለች። ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

"ስለ ዓሣ አሥራ አንድ ደቂቃ ምን አወራን?" አለች።

ሻዬን አማሰልኩ።

"ሻይ ቤት ያለህ ነበርኮ የመሰለኝ። ስትስቅ ነበርኮ ዲቤ።"

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ስልክ ያነሣሁት እሷ ስለደወለች ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። የደወልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስልኩ ላይ ያለው ቀስት ይናገራል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ጂቱ ለቀጠሮዋ መጣች። ራህመቶ ቁስሏን አይቶ "ከፋሲካ በኋላ እንዘጋዋለን" ሲላት "አይዘጋም" አለችው። ከረጢቱ አካባቢ ያለው ቆዳዋ በሚፈሰው ተቃጥሎ ቀልቷል። ፋብሪካው "ሲሻልሽ ተመለሺ" ብሏታል፤ ከረጢት ይዞ ስምንት ሰዓት ማሽን ላይ መቀመጥ የለም። ወለንጪቲ እናቷ ቤት ገብታለች።

"እንዲህ ሆኜ እኖራለሁ" አለች። "እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልወጣም።"

ራህመቶ እኔን አስጠርቶ "አስረዳት፣ ያንተ ሥራ ነው" አለኝ። ገባሁ። አሁን ግፊቷ ጤነኛ ነው፣ የሚከፈተውም ትንሽ ነው። ይህኛውን በጀርባ መርፌ መሥራት ይቻላል፤ ከወገብ በታች ብቻ ይደነዝዛል፣ አንደበቷም እጇም የራሷ ነው፣ ካመማት ትናገራለች። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። በደንብ ነው ያስረዳሁት።

ሰምታ ጨረሰችና፣ "ዶክተር፣ ነቅቼ ነበር ስልዎ ሕልም ነው ብለውኛል። አሁን አያምሽም ሲሉኝ በምን ልመንዎት?" አለች።

ራህመቶ በሳቅ "ጭንቀት ነው" አለኝ ስትወጣ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አልፎ ሂያጅ ቢተፋብኝ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ሐቁን አንድ ጊዜ ልጻፈው፣ ቢያንስ እዚህ።

ማደንዘዣ ማሽናችን ላይ መልእክት የምንተላለፈው ነጭ ፕላስተር ለጥፈን በእስክሪፕቶ በመጻፍ ነው። ጠዋት የሠራው ለከሰዓቱ ይጽፋል። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የሠራው ገላና ነበር። "ሃሎቴን ሊያልቅ ነው፣ ሙሉት" ብሎ በትልቁ ጽፏል። ፕላስተሩን ያየሁት ስልኬን ከማሽኑ ላይ ሳነሣ ነው፤ ስልኬን ያስደገፍኩት እላዩ ላይ ነበር። የጋዙ ዕቃ በጎኑ ትንሽ መስታወት አለችው፤ ፈሳሹ የት እንደደረሰ ታሳያለች። መስታወቷ ባዶ ነበረች። ጋዙ መቼ እንዳለቀ አላውቅም። ኬታሚኑ ቀድሞ ለቋታል፤ ጡንቻዋን ያዘለው መድኃኒት ግን በጊዜው ጨምሬላት ነበር። እንዳትንቀሳቀስ አድርጌ፣ እንድትሰማ ትቼ፣ ስለ ዓሣ አወራሁ። በድሪያ እንባዋን አይታ ነገረችኝ። ቅባቱ ነው አልኩ። ቅጹን የሞላሁት በኋላ ነው፣ ከራሴ።

ፕላስተሩን ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት። ይኸው እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ፓስተር ነገሪ ቢሮ ሄድኩ። ለማስረዳት አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

"ወንድም ዲበኩሉ፣ ገብቶኛል። በልጅቷ ምስክርነት ሰባት ነፍስ ጌታን ተቀብሏል። ሰባት! ይህን ለምን ታፈርሳለህ? ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ሹመትህ ነው። በጓዳህ ንስሐ ግባ፣ ይበቃል።"

"ልጅቷ አትተኛም" አልኩት።

"እንጸልይላታለን።"

ስወጣ ቀለለኝ። ይህንንም ልጻፈው፤ ቀለለኝ። አራዳ ሰፈር እስክደርስ እግሬ በደስታ ነበር የሚሄደው። ከዚያ የሆነች ልጅ ከረጢት ሙሉ ብርቱካን ይዛ መንገድ ስታቋርጥ አየሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። ሀኒ ከእኔ ጋር መብላት ጀምራለች፤ ማውራት ገና ነው።

ዛሬ ለራህመቶ ነገርኩት። ከደብተሬ ያላቀቅሁትን ፕላስተርና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ።

"በድሪያ 'እያለቀሰች ነው' ስትል ሰምቻለሁኮ" አለ። "እጄ ሆዷ ውስጥ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁም። ቅባቱ ነው አልክ፣ ቀጠልኩ። ያ ረቢ! ጭንቀት ነው ብዬ ስቄባታለሁ።"

አብረን ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ሄድን። ኮሚቴ ይቀመጣል። እስከዚያ ለማንም ሰመመን አልሰጥም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ወለንጪቲ ሄጄ ተመለስኩ።

ከመናኸሪያው እስከ ወይዘሮ ቡዜ ቤት በእግር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጂቱ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እናቷ "አካም ጅርቱ፣ ዶክተር! ከአዳማ ድረስ!" ብለው ወንበር ጠረጉልኝ። አልተቀመጥኩም።

"ዶክተር አይደለሁም" አልኩ። "ሰመመን የምሰጥ ባለሙያ ነኝ። ጂቱ፣ ሕልም አልነበረም። ነቅተሽ ነበር። የሚያስተኛሽ ጋዝ አልቆ ነበር፣ እኔ ስልክ እያወራሁ አላየሁትም። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ዓሣው የኔ ነው። ሕልም ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ከዚህ ይረዝም ነበር። ጠፋኝ።

"ስንት ደቂቃ ነው?" አለች ጂቱ።

"ስልኩ አሥራ አንድ ይላል። ጋዙ መቼ እንዳለቀ ግን አላየሁም። አላውቅም።"

"እኔ እዚያው የምቀር መስሎኝ ነበር።"

ወይዘሮ ቡዜ መጥረጊያውን ጨርቅ እንደያዙ ቀርተዋል። ትክ ብለው ካዩኝ በኋላ፣ "እጅህን ሳምኩ" አሉ። አንቱታው ቀርቷል። "ልጄ አብዳለች ብዬ ስንት ቤት አዞርኳት። ጋኔን ነው ሲሉኝ አስገሠጽኳት። አንተ ታውቅ ነበር! እኔ ያንን እጅህን ሳምኩ!"

"እማ" አለች ጂቱ። "ሰማሽ? አላበድኩም።"

"ሰማሁ፣ ኢንተላ ኮ።"

"አላበድኩም" አለች ደግማ፤ ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። ጭንቅላቷ ወደ ግድግዳው ዘመም አለ። እኔ የወደቀች መስሎኝ ዘለልኩ። ወይዘሮ ቡዜ ደረቴን በእጃቸው መልሰው ገፉኝ።

"ዝም በል" አሉኝ በሹክሹክታ። "ተኝታለች። ጋደም ብላ እንኳ አይደለም። እንዳትቀሰቅሳት።"

ሁለታችንም ሳንናገር ቆምን። ከሁለት ሰዓት በላይ ተኛች። እግሬ ደነዘዘ፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ስትነቃ ውሃ ጠጣችና፣ "ይዘጋልኝ" አለች። "በጀርባ መርፌው። እርስዎ አይወጉኝም። ጭንቅላቴ ጋ ግን ይቆማሉ። ስልክዎን እማዬ ትይዘዋለች። የሚሠሩትን ሁሉ ይነግሩኛል፣ ምንም ሳይተዉ። ሕልም የምትለዋን ቃል አልሰማም።"

እሺ አልኩ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 19

ለሹመት ስጠራ ተነሥቼ ለምን እንደማልሾም ነገርኳቸው። ሞታ የተመለሰች ሳትሆን እኔ በወጉ ያላስተኛኋት ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው። አሜን ያለ የለም። ፓስተር ነገሪ መጽሐፍ ቅዱሱን ይገልጣል፣ ይገልጣል።

ሀኒ ከጎኔ አልተነሣችም። ወደ ቤት ስንሄድ "ሻይ ላፍላልህ?" አለችኝ። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ናት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

የዛሬውን ቀን በስህተት ጽፌያለሁ፤ ሚያዝያ 28 ነው። ቀኑም ጠፍቶኛል።

ወይዘሮ ቡዜ በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኬን ሰጠኋቸው። መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። በራህመቶ ፈቃድ ገባሁ፣ ባዶ እጄን።

ገላና ጂቱን አስቀምጦ ከወገቧ አጥንቶች መሃል ወጋት። ካጋደማት በኋላ ቀዝቃዛ ጥጥ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ አስነካት፤ እስከ እምብርቷ ምንም አይሰማትም። "በእርግጥ?" አልኳት። "በእርግጥ" አለች። ዓይኗ ላይ ምንም አልተለጠፈም። የማሽኑ ድምፅ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ጢ፣ ጢ ይላል።

ራህመቶ "ጂቱ፣ ልጀምር ነው" ብሎ ነገራት። እኔ ጭንቅላቷ ጋ ቆሜ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አሁን ዙሪያውን ቆዳውን እየከፈተ ነው። አሁን አንጀቱን ከሆድሽ ግድግዳ እያላቀቀ ነው። አሁን ሁለቱን ጫፍ እየገጠመ ነው።

"በምን?"

"በክር።"

"ስፌት ነው?"

"ስፌት ነው።"

"ስንት ድርብ?"

ራህመቶን አየሁት። "ሁለት ድርብ" አለ።

"ጥሩ። ነጠላው ይተረተራል" አለች፣ ባለሙያ ናትና።

አንጀቱን ወደ ሆዷ ሲመልሰው ነገርኳት። ገላና ማሽኑን ያያል። በድሪያ መርፌ ልታቀብል ቀና ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ።

"እያለቀሰች ነው" አለች።

ራህመቶ በዚህኛው ጊዜ ቀና ብሎ አየ። እንባዋ ከዓይኗ ጠርዝ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ እየገባ ነበር።

"አዎ" አልኩ። "እያለቀሰች ነው።" ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት። "አመመሽ?"

"አላመመኝም" አለች ጂቱ። "እናንተ ሥሩ።"